የአባዬ ወይን በሀርጌሳ

ከቤት ስወጣ አባዬ የሰጠኝ የወይን ዘንግ ነበር። በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ፣ ከላይ ፌስታል አስሮበት፣ "በየደረስሽበት ውሃ አርከፍክፊበት፣ እንዳይጠማው" ብሎ ሻንጣዬ ላይ ጫነብኝ። እኔ እንዳይጠማኝ ያለው ነገር ትዝ አይለኝም። ተናድጄ ነበር። ከቆቦ እስከ ጅጅጋ፣ ከጅጅጋ እስከ ቶጎ ውጫሌ ፈታሽ ጆንያውን በፈታ ቁጥር "ምንድን ነው?" ይለኛል፣ "እንጨት ነው" እላለሁ። ድንበሩ ላይ አንዱ፣ "ሀርጌሳ እንጨት የለም ያለሽ ማነው?" ብሎ ጓደኞቹን አሳቀብኝ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነጥብ አልመጣልኝም። ቁጭ ማለት ደግሞ አልችልበትም። ስለዚህ ተነስቼ ሄድኩ፤ ከዚህ የረዘመ ምክንያት የለኝም።

አባዬ ወይን የለመደው በወጣትነቱ የቀን ሠራተኛ በነበረበት የችግኝ ጣቢያ ነው። ጣቢያው ሲዘጋ ሊጣል የነበረውን ዘንግ ተሸክሞ መጣና አስፋልት ዳር ባለችው መሬታችን ላይ ተከለው። ሰው ቀለደበት። ከጥቂት ዓመት በኋላ እኔና ወንድሜ ወደ ላይና ወደ ታች የሚያልፈው አውቶቡስ ፍጥነት በቀነሰ ቁጥር ወይን በፌስታል ይዘን በየመስኮቱ ሥር እንሮጥ ነበር። የተማርኩበት ደብተርም፣ የተጫማሁት ጫማም የወጣው ከዚያ ነው።

ሀርጌሳ ሥራ ያገኘሁት አንድ ጡረታ የወጡ የእርሻ ባለሙያና ባለቤታቸው ቤት ነው። ሰውየውን "አዴር" እላቸዋለሁ፤ እዚያ አገር አጎትም፣ ታላቅ ሰውም በዚህ ይጠራል። ሚስታቸውን "ኤዶ" እላቸዋለሁ፣ አክስት ማለት ነው። አዴር በልጅነታቸው ድሬዳዋ አድገው፣ እርሻም ኢትዮጵያ ተምረው ነበርና አማርኛቸው ከኔ አማርኛ አይተናነስም። ኤዶ ግን በሶማልኛ ብቻ ነበር የሚያናግሩኝ፤ እኔም በተሰባበረ ሶማልኛ እመልሳለሁ። ስሳሳት ይስቃሉ፣ ሳልሳሳት ይገረማሉ።

ጆንያውን ሲያዩ አዴር እንደ ሕፃን ደስ አላቸው። ዘንጎቹን በግቢው ቢርካ ዳር ተከሏቸው። ቢርካ በሲሚንቶ የተለሰነ የዝናብ ውሃ ጉድጓድ ነው፤ ዝናብ ሲጠፋ ደግሞ ከቦቴ መኪና እየገዙ ይሞሉታል። ወይኑ እርጥበቱን ወደደው። በብረት ቱቦ ላይ ወጥቶ ጥላ ሲሆን፣ እኔም ከዚህ ግቢ እወጣለሁ እወጣለሁ እያልኩ ሳልወጣ ቀረሁ። መጀመሪያ ያፈራውን ኤዶ "ይኮመጥጣል" አሉና አንድ ዘለላ ሳያስተርፉ በሉት።

ከዚያ አገር ቤት ጦርነት መጣ። መጀመሪያ የሌላ ሰው ጦርነት ይመስል ነበር። ቀጥሎ የኛን ሰፈር ስም በሰው ስልክ፣ በሰው አፍ ሰማሁ። ከዚያ ስልኩ ዝም አለ። ስደውል አንዲት የተቀዳች ሴት "ደንበኛውን ማግኘት አልተቻለም" ትለኛለች። በትህትና ነው የምትናገረው። ስንት ቀን ሰድቤያታለሁ።

አንድ ጠዋት የጎረቤት ፍየል ግቢ ገብታ የወይኑን ግንድ ልጣ አገኘኋት። በድንጋይ አባረርኳትና ረሳሁት። ዝናቡ ካለፈ በኋላ የተላጠው ቦታ አበጠ። መጀመሪያ ነጭና ለስላሳ ነበር፣ አረፋ የመሰለ። ከዚያ ጠቆረ፣ ጠነከረ፣ የሕፃን ጡጫ አከለ። አልደነገጥኩም፤ በአባዬ ማሳ ላይ እንዲህ ያለ ጉጥ ያላወጣ ወይን አላውቅም። አባዬ ያረጀ ወይን ሁሉ ያወጣል ይላል። በቢላዋው ይፍቀውና አመድ ይቀባዋል።

አዴር ተንበርክከው አዩት። ደስ የማይል ነገር ሲያዩ ምላሳቸውን ያጮሃሉ።

"አባትሽ ጋም ይሄ አለ?"

"ሞልቷል።"

"ምን ያደርገዋል?"

"ይቆርጠዋል።"

"በምን?"

"በቢላዋው ነዋ።"

የአባዬን ቢላዋ ነገርኳቸው። ስለቱ የጎበጠ፣ እጀታው የወይራ ነው። ከወገቡ አይለይም፤ ቤተክርስቲያን ሲሄድ እንኳ ውጭ ድንጋይ ሥር ደብቆት ይገባል። ማንም አይነካውም። ወንድሜ በልጅነቱ ሸንኮራ ሊቆርጥበት አንስቶት የተመታውን እስከ ዛሬ ያወራል። ከሚስት፣ ከፈረስና ከወይን ቢላዋ የሚዋዋሱት የለም ይል ነበር አባዬ። ወይን የሚገርዘው፣ ትርፍ ቅርንጫፉን የሚቆርጠው፣ እሱ ብቻ ነው፤ ከዳር ጀምሮ ግንድ በግንድ እየሄደ፣ በዚያው ቢላዋ።

"ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄድ ያጥበዋል? በእሳት ይለበልበዋል?"

"ይስለዋል።"

አዴር እጃቸውን አራገፉ። "በሽታው የሚኖረው በወይኑ ደም ሥር ውስጥ ነው። ባክቴሪያ ነው። ቁስል ሲያገኝ ነው እባጭ የሚያወጣው። ያንቺን ዘንግ ሳይታመም የመጣ መስሎን ተከልነው፣ ውስጡ ግን ተኝቶ ነበር፤ ፍየሏ ቀሰቀሰችው። አባትሽ ጋ ደግሞ ሌላ ፍየል አያስፈልግም። ከግንድ ወደ ግንድ የሚያዞረው ቢላዋው ነው።"

"አባዬ ነው ያመጣው እያሉኝ ነው?"

"ቢላዋው ነው ያልኩት።"

"ቢላዋውን የያዘው ማን ነው ታዲያ?"

ተነስተው ወደ ቤት ገቡ። እኔም ያን ቀን ቤቱን ሳልጠርግ ዋልኩ። ስልኩ በማይሠራ ሰው ላይ፣ መልስ መስጠት በማይችል ሰው ላይ እንዲህ ሲባል ያማል። ደግሞ ልክ መሆናቸውን አውቄያለሁ። ዘንድሮ ጉጥ ካወጣው ጎን ያለው በሚቀጥለው ዓመት ያወጣል፤ በልጅነቴ ረድፉን ተከትሎ ሲሄድ ዓይቼዋለሁ፣ አላገናዘብኩትም እንጂ። ለምን ወይኑ በየዓመቱ እያነሰ እንደሄደ፣ ለምን አባዬ መጨረሻ ላይ ወደ አውቶቡስ የሚሮጥ ልጅ እንዳላስፈለገው ያን ቀን ገባኝ።

ከዚያ በኋላ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ አባዬ ገረዛ ከመጀመሩ በፊት ይህን ነገር እንዲሰማ። ገረዛ ክረምቱ እንደወጣ ነው። ጦር ይኑር አይኑር አባዬ እንደሚገርዝ አውቃለሁ። መልእክት እጽፋለሁ፣ አይደርስም። ዋሄን ገበያ ከአገር የመጣ ሹፌር አለ ሲሉኝ እሮጣለሁ፤ የሚያውቀው እስከ ደሴ ነው፣ ወይም መንገዱ ተዘግቷል ይለኛል። ጎጃሜዋ ጓደኛዬ አያሃ ሰፈር የግንባታ ሥራ ላይ ሲሚንቶ ትሸከማለች። ምን እንደምፈልግ ስነግራት አፏን በሻሿ ያዘች።

"ሰው በሕይወት መኖሩን ሳታረጋግጪ ቢላዋህን እጠብ ልትይው ነው?"

"አዎ።"

"አንቺ ልጅ ደህና አይደለሽም። ኖሯል አልኖረም ብለሽ አልቅሺ እንጂ እንደ ሰው።"

"እሱን አንቺ አልቅሺልኝ። እኔ የምነግረው ነገር አለኝ።"

አዴር ደግሞ የቤታቸውን ወይን ሊያድኑ ተነሱ። ግንዱን ማዳን እንደማይቻል በግልጽ ነገሩኝ። ነገር ግን የሚያድገው ለጋ ጫፍ ብዙ ጊዜ ንጹህ ነው አሉ። ያን ጫፍ ቆርጦ፣ ሥር አስወጥቶ፣ ከመተከሉ በፊት ሥሩን ሌላ ባክቴሪያ ባለበት ውሃ መዘፍዘፍ ነው። ባክቴሪያውን ውጭ አገር የሚያስተምር የድሮ ጓደኛቸው በመንገደኛ ላከላቸው። አየር ማረፊያ ድረስ ሄደን ተቀበልን። እንደ አፈር የሚሸት ጥቁር ዱቄት ነው፣ አንድ እፍኝ በማትሞላ ፕላስቲክ ውስጥ።

ትምህርት ቤት ባክቴሪያ የሚባለው በሽታ ነው፤ ጥሩም አለው ተብሎ በሁለት መስመር ያልፋል፣ ፈተና ላይም አይመጣም። ስለዚህ ጠየቅኳቸው።

"ይሄኛው የገዳዩ ወንድም ነው" አሉኝ። "ከወይን ውስጥ ነው የተገኘው፣ እዚያው ይኖራል፣ እባጭ ግን አያወጣም። ቁስሉ ጋ ቀድሞ ከደረሰ ያኛውን ሥራ ያስፈታዋል።"

የወንድማማች ጦርነት ሲባል ስለሰለቸኝ ወንድም ምናምን ያን ሰሞን ደስ አይለኝም ነበር። "ወንድምነቱን ይተዉትና፣ ያኛው ቀድሞ ከደረሰስ?"

"ያኔማ አለቀ። ያመመውን አያድንም። ያላመመውን ነው የሚጠብቀው።"

ለጋዎቹ ጫፎች በእርጥብ አሸዋ ሥር ሲያወጡ ከዱቄቱ ግማሹን በበርሜል ውሃ በጠበጥነው። አዴር የዝናብ ውሃ መሆኑን ሦስት አራት ጊዜ ጠየቁኝ። የከፊሎቹን ችግኞች ሥር አስገባንና ጠላ እንደሚጠነሰስ በጨርቅ ሸፈንነው። ኤዶ ከወጥ ቤት በር ቆመው ያዩናል። "ምን አለበት በርሜሉ ውስጥ?" አሉኝ። በምችለው ሶማልኛ "ባክቴሪያ" አልኳቸው። ቃሉ አንድ ነው፤ ማንም ይረዳዋል።

ጠዋት ጨርቁን ስገልጥ አፍንጫዬን ያዘኝ። ሽታው የታጠበ ሽንት ቤት ነው። ኤዶ ውሃ የሚያክሙበትን የክሎሪን ኪኒን ሙሉ ፓኬት ጨምረውበታል። ለመጠጥ አንዷ ለጀሪካን የምትበቃ ኪኒን።

ጮህኩባቸው። የጮህኩት በአማርኛ ነው፤ ለቁጣ የሚሆን ሶማልኛ አልነበረኝም። ገደሉት አልኳቸው፣ ከዚያ አገር የቀረኝን አንድ ነገር ገደሉት አልኳቸው። ቃሉን ባይሰሙም ድምፄን ሰምተዋል። አዴር ሮጠው መጡ፣ አሸተቱ፣ በርሜሉን ጋደም አድርገው ደፉት።

ኤዶ አልተቆጡኝም። ከበርሜሉ አጠገብ፣ እርጥቡ መሬት ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ቀስ ብለው ማውራት ጀመሩ፤ አዴር እየቆዩ በአማርኛ ያቀብሉኛል።

የነሱ ጦርነት ጊዜ፣ ሀርጌሳ በአውሮፕላን ስትደበደብ፣ በእግራቸው ድንበር ተሻግረው እኛ አገር የስደተኛ ካምፕ ገቡ። አንዲት ሴት ልጅ ነበረቻቸው፣ ገና መሄድ የጀመረች። ካምፑ ውስጥ ኩሬ ነበር። ኤዶ ከሌላው ሁሉ ቀድመው ሄደው ከዳር ሳይሆን ከመሃል ነበር የሚቀዱት፣ ጥርት ያለውን። ውሃው ጥርት ያለ ነበር። ይህን ቃል ብዙ ጊዜ ደጋገሙት። ልጅቷ ባደረባት ተቅማጥ እስከ ሁለተኛው ቀን አልደረሰችም። ካምፑ ውስጥ ነጭ ልብስ የለበሰ ሰው መጥቶ "ባክቴሪያ ነው" አላቸው። ቃሉን የተማሩት ያን ቀን ነው።

"በቤቴ በርሜል ውስጥ አለ ስትዪኝ እንዴት ልተኛ?" አሉኝ።

ይቅርታ ልጠይቃቸው አፌን ከፈትኩና ቃሉ ጠፋኝ። እንዲህ አይነት ሰው ነኝ፤ ለመሳደብ ቃል አይጠፋኝም፣ ለዚህ ግን በራሴ ቋንቋም አልሆን አለኝ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ቀሚሳችን ክሎሪን ክሎሪን እየሸተተ ፀሐይ እስኪያቃጥለን ድረስ እዚያው ነበርን።

በቀረው ዱቄት ሌሎቹን ዘፈዘፍን። ጥቂት ነበሩ። ከቢርካው ራቅ አድርገን አዲስ አፈር ላይ ተከልናቸው፣ ዙሪያውን ለፍየል እሾህ አጠርንበት። አሮጌውን ግንድ አዴር ነቅለው አቃጠሉት። እኔ ገበያ ሄጄ ነበር፤ ሆን ብዬ ነው የሄድኩት።

ስልኩ የተከፈተው እቃ እያጠብኩ ነው። ወንድሜ ነው። ድምፁን ስሰማ ሳህን ከእጄ ወደቀ።

"ደህና ናችሁ?"

"ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አንቺስ?"

"እኔን ተወኝ። አባዬን አገናኘኝ።"

"ማሳ ነው።"

"ስልኩን ይዘህለት ሂድ።"

"ኔትወርክ የለም እዚያ።"

"አስፋልት ዳር? አውቶቡስ ላይ ያለ ሰው እንኳ እዚያ ያወራል።"

"ሰሞኑን ነው የጠፋው። ጆሮውም ትንሽ ደከም ብሏል።"

"እሺ፣ አንተ ንገረው። ገረዛ አትጀምር በለው። ነገሩ ረጅም ነው፣ ግን ጉጡ ከአንዱ ወደ አንዱ የሚሄደው —"

"ገረዛማ ጨርሻለሁ" አለኝ። ደስ ብሎት ነው የነገረኝ፤ ስለ ሌላ ነገር ማውራት የቻለ መስሎት። "ሰው ያልሠራውን ሠርቻለሁ። የወይኑን ድጋፍ እንጨት ወታደሮች ለማገዶ ወስደውት ነበር፣ ከየትም ለቃቅሜ አቆምኩት። አንዲት ግንድ አልቀረችኝም።"

"በምን ገረዝከው?"

"በቢላዋው ነዋ።"

"በማን ቢላዋ?"

ወንድሜ ውሸት አይችልም፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲዋሽ በኃይል ይተነፍሳል። ሲተነፍስ ሰማሁት። ከዚያ ስልኩን ዘጋው።

ማለዳ፣ ገና ሳይነጋ፣ የግቢው በር ተንኳኳ። ወንድሜ ሌሊቱን ለጎጃሜዋ ደውሎላት ነበር፤ መስመሩ ሳይቋረጥ በፊት በእሷም ስልክ እደውልለት ነበር። እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ እህል ውሃ ሳይቀመስ ነው። ጎጃሜዋ አያሃ ሰፈር ያሉትን የአገራችንን ሴቶች ሰብስባ፣ ድቁና ያለውን አንድ ግንበኛ አስከትላ መጥታለች። በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ተራ በተራ አየኋቸው፤ ሁሉም ምን ብለው እንደሚጀምሩ ጠፍቷቸዋል።

"አውቄዋለሁ" አልኳቸው። "ግቡ።"

"ማን ነገረሽ?" አለች ጎጃሜዋ፤ እንባዋ መውረድ ጀምሯል።

"ማንም። ወይኑ ተገርዟል።"

ማንም አልገባውም። ያለቀስኩት ለማስረዳት ስሞክር ነው።

ኤዶ ምንጣፍ አምጥተው ግቢው ላይ አነጠፉ። ዲያቆኑ ጸሎት ሲያደርስ ፈቀቅ ብለው ቆዩ፤ ሲጨርስ እሳቸውም እጃቸውን ዘርግተው የራሳቸውን አደረሱ። ከዚያ ለቀስተኛውን ሁሉ ሩዝ አበሉ። ያን ሰሞን እቃ እንዳጥብ አልፈቀዱልኝም።

አባዬን የገደለው ጥይት አይደለም። የደም ግፊት ኪኒኑ አለቀ፣ ጤና ጣቢያው ተዘርፎ ነበር፣ መንገዱ ዝግ ነበር። አልጋው ላይ ነው የሞተው። ወንድሜ ይህን እንደ መልካም ዜና ነው የነገረኝ፤ በዚያ ሰሞን ለነበረ ሰው ምናልባት ነው።

ሐዘኑ በረድ ሲል ደወልኩለት። ጎጃሜዋ ተዪው ብላኝ ነበር፤ አዴርም ቢቆይ ይሻላል ብለውኛል። አልቻልኩም። በሽታውን፣ ቁስሉን፣ ከዳር ጀምሮ ግንድ በግንድ የሄደውን ቢላዋ ነገርኩት። ጉጥ ያወጣውን ከነሥሩ ነቅለህ አቃጥል፣ ቢላዋውን በእሳት ለብልበው፣ ቦታው ላይ ለዓመታት ወይን አትትከል አልኩት።

"አባዬን ገዳይ ልታደርጊው ነው?"

"ስለ ወይኑ ነው የማወራው።"

"ወይኑና እሱ ምን ልዩነት አላቸው?" አለኝ። "ወታደር ያልነቀለውን እኔ ልንቀለው? ሰው ምን ይለኛል?"

"ምንም ቢልህ።"

"ከዚያ ካንቺ ጋ ያለውን ትልኪልኝ ይሆናል?"

ይህን ለአዴር አቀረብኩ። አዲሶቹ ወይኖች አንገታቸውን ቀና አድርገዋል፤ አንዱ ብቻ ነው እግሩ ላይ ያበጠው። አዴር የቀሩትን አንድ በአንድ ጎንበስ ብለው አዩ።

"ለዚህ ግቢ ጥላ ይሆናሉ" አሉኝ። "ለማሳ ግን አልምልልሽም። ዱቄቱ ቁስሉን ጠብቆታል፤ ውስጡ ያለውን ማየት አልችልም። አባትሽም በደግ ልብ ነው የላከልሽ።"

ለወንድሜ አይሆንም አልኩት። ከዚያ ወዲያ መደወል ተወ። እኔም እልኸኛ ነኝ፣ አልደወልኩም።

እንደገና የደወለው ሌላ ክረምት ሊወጣ ሲል ነው። ሁሉንም ነቀልኩት አለኝ፤ ጉጥ የሌለው ግንድ አላገኘም። ጎረቤት አበደ ብሎት ነበር። እርጥብ ወይን ቶሎ አይነድም፣ ሲጨስ ነው የሰነበተው አለኝ። ይቅርታ አልጠየቅኩትም፤ እሱም አልጠበቀም። ቦታው ላይ ማሽላ ዘርቶበታል። ዝናቡ ጥሩ ነው፣ እሸቱ ደርሷል፣ ወፉ ግን አስቸገረኝ አለኝ፤ ቀኑን ሙሉ ማማ ላይ ወንጭፍ ይዞ የሚውለው ራሱ ነው።

"የሰፈሩን ልጆች አታስጠብቅም?" አልኩት።

"የትኞቹን ልጆች?" አለኝ።